«ፉል ኦፕሽን» ለማን? ያገለገለ የቅንጦት ኤሌክትሪክ መኪና ማስታወቂያ በፊዚክስ ዓይን ሲገመገም

በመኪና ገበያችን «ፉል ኦፕሽን» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያህል ብዙ የሠራ፣ ግን ትንሽ የተመረመረ አነጋገር ያለ አይመስለኝም። ቴሌግራም ላይ መኪና የሚሸጥበትን ቻናል ከፍታችሁ ወደ ታች ብትወርዱ ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ የመኪናዋ ስምና የተመረተችበት ዓመት ይጻፋል። ቀጥሎ «ፉል ኦፕሽን» ይባላል። ከዚያ ፓኖራሚክ ጣሪያ፣ የቆዳ ወንበር፣ ትልቅ ስክሪን፣ 360 ካሜራ ይደረደራል። «ምንም ወጪ የሌላት» የምትለው ትከተላለች። መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር፤ በቃ፣ አለቀ።

ሂስ የሚጻፈው ለልብ ወለድና ለፊልም ብቻ ነው ያለው ማነው? ማስታወቂያም ጽሑፍ ነው። የሚነግረን አለ፣ የሚያልፈው አለ፣ አንባቢውን የሚገምትበትም መንገድ አለው። ዛሬ የምንገመግመው ያገለገለ የቅንጦት ኤሌክትሪክ መኪና ማስታወቂያን ነው፤ ከጀርባው ያለውን የአምራቾቹን የኦፕሽን ዝርዝርም አብረን እናያለን። ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ማስታወቂያው ዓይን የሚያየውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ መኪናዋ ምን ያህል እንደምትሄድና በስንት ሰዓት እንደምትሞላ የሚወስነውን ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሳሩን እያሳየ ገደሉን የሚሸፍን ጽሑፍ ነው።

«እኛ ገና ተማሪዎች ነን፤ የመኪና ግዢ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል እንጂ! በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ መኪና ከውጭ አስመጣለሁ የሚል ቤተሰብ የሚያየው ኤሌክትሪክ ነው። አባት፣ አጎት ወይም የጎረቤት ጋሼ የዓመታት ቁጠባቸውን ይዘው ሊገዙ ሲወጡ፣ ሞተር አስነስቶ ድምፁን በማዳመጥ የሚታወቀው የድሮው ጥበብ አያገለግላቸውም። ከቤት ውስጥ ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቀው ምናልባት እናንተ ብቻ ናችሁ። የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ የቤተሰብ ገንዘብ የሚያድንበት ጊዜ ቢኖር ይኼ ነው።

ኦፕሽን ድሮና ዘንድሮ

በነዳጅ መኪና ዘመን ኦፕሽን ማለት በአብዛኛው ምቾት ነበር። ወንበሩ ቆዳ ሆነ ጨርቅ ሞተሩ ያው ነው፤ ታንከሩም ያው ነው፤ ማደያ ስትደርሱ ቀጂው የሚሞላበት ፍጥነትም አይለወጥም። የጎደለውን ደግሞ ቀስ ብሎ መርካቶ ገብቶ ማስገጠም ይቻላል። ስለዚህ «ፉል ኦፕሽን» የሚለው አነጋገር ያኔ ብዙ ጉዳት አልነበረውም፤ «ምቾቱ አልተጓደለም» ማለት ብቻ ነበር።

በኤሌክትሪክ መኪና ግን ኦፕሽን ወደ ጉልበቱ ራሱ ገብቷል። የባትሪው መጠን፣ የምትሞላበት ፍጥነት፣ ሙቀት የምታመነጭበት መንገድ፣ የሶኬቷ ዓይነት፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ስም ባላቸው ሁለት መኪኖች ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ብዙዎቹም ፋብሪካ ውስጥ ካልተገጠሙ በኋላ የሚገጠሙ አይደሉም፤ ቢቻል እንኳ ወጪው አያዋጣም።

ነገሩን በአንድ መኪና እንየው። ፖርሽ ታይካንን የመረጥኩት መጥፎ መኪና ስለሆነች አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ስትወጣ በምሕንድስናዋ ብዙዎችን ያስደነቀች ናት። የመረጥኳት የኦፕሽን ዝርዝሯ ረጅም ስለሆነና ችግሩን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው።

አንድ ፎቶ፣ ሁለት መኪና

የ2020 ታይካን 4ኤስ ሁለት ዓይነት ባትሪ ነበራት። ትንሹ በአገልግሎት ላይ የሚውል 71 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ በተጨማሪ ክፍያ የሚመጣው ትልቁ ደግሞ 83.7 ኪሎዋት ሰዓት። ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አቁማችሁ ፎቶ ብታነሱ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አትለዩም። ማስታወቂያው ፎቶ ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ ከወለሉ ሥር ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር 22 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች እንበል። 71ን ለ22 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 323 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ በ83.7 ብታሰሉት 380 ይሆናል። የ57 ኪሎ ሜትር ልዩነት። መኪናዋ አርጅታ ባትሪዋ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ደግሞ አንደኛዋ 258፣ ሌላዋ 304 ገደማ ላይ ትቆማለች። የአዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ብቻ ላለው ሰው ሁለቱም ይበቃሉ። ሐዋሳ ዘመድ ላለው ግን መንገድ ላይ ሳይጨነቁ መድረስና ሲጨነቁ መድረስ ማለት ነው። ይህን ቁጥር የማይጽፍ ማስታወቂያ የሚሸጠው ምን እንደሆነ አልተናገረም።

800 ቮልት፦ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ

አንዳንድ ማስታወቂያ ትንሽ ይራመድና «800 ቮልት፣ በ20 ደቂቃ የምትሞላ» ይላል። እዚህ ላይ የተባለው ውሸት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው።

መጀመሪያ እውነቱን እናድንቅ። የኤሌክትሪክ ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት ነው። ትልቁ ባትሪ ያላት ታይካን እስከ 270 ኪሎዋት ትቀበላለች። ይህን በ800 ቮልት ለማስተላለፍ ወደ 340 አምፔር ይበቃል፤ በ400 ቮልት ቢሆን ግን 675 አምፔር ይፈልግ ነበር። ሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው ጉልበት የሚያድገው በከረንቱ ስኩዌር ነው። ስለዚህ ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ቀጭን ገመድ፣ ትንሽ ሙቀት፣ ፈጣን አሞላል። ቆንጆ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጎዶሎው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቻርጀሩም 800 ቮልት መስጠት ሲችል ነው። ቻርጀሩ የ400 ቮልት ከሆነ መኪናዋ ቮልቴጁን በራሷ ከፍ ማድረግ አለባት፤ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ ያስፈልጋታል። በመጀመሪያዎቹ ታይካኖች መደበኛው መሣሪያ የሚያስተላልፈው 50 ኪሎዋት ብቻ ነበር። 150 ኪሎዋት የሚያስተላልፈው ኦፕሽን ነው፤ ለብቻው ይከፈልበታል። ትልቁን ባትሪ ከ10 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለመሙላት 58.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈለጋል። በ50 ኪሎዋት ይህ 70 ደቂቃ ነው። በ150፣ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ይቀጥላል ብንል፣ 24 ደቂቃ አይሞላም። አያችሁ? ማስታወቂያው «20 ደቂቃ» ያለው እናንተ ጋ መኖሩ ስላልተረጋገጠ ቻርጀር ነው።

እዚህ ላይ ሂሴ ወደ አምራቹ ይዞራል። መጀመሪያውኑ ብዙ ገንዘብ በተከፈለባት መኪና ላይ እንዲህ ያለውን መሠረታዊ ነገር ነጥሎ መሸጥ ምን ይባላል? «ደንበኛው የሚፈልገውን ብቻ ይክፈል» የሚል መልስ አላቸው፤ በስቱትጋርት ፈጣን ቻርጀር አጠገቡ ላለው የመጀመሪያ ገዢ መልሱ ያስኬዳል። ግን መኪና አንድ ባለቤት ብቻ የላትም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ገዢ በዝርዝሩ ላይ ምልክት አላደረጉም፤ የሚወርሱት ሌላ ሰው ሌላ አገር ሆኖ የመረጠውን ነው። ያገለገለ መኪና መግዛት ማለት የማታውቁትን ሰው ውሳኔ መግዛት ነው።

የበርሊን ክረምትና የአዲስ አበባ ኅዳር

ይህን ካየን «ትክክለኛው ኦፕሽን» የሚባል ለሁሉም አገር የሚሠራ ዝርዝር እንደሌለ ይገባናል። ሦስት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንደኛው ሂት ፓምፕ ነው። ተራ ማሞቂያ አንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ወስዶ አንድ ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ሂት ፓምፕ ግን ሙቀት አይፈጥርም፤ ከውጭ አየር ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያጓጉዛል፤ የፍሪጅ ሥራ ተገልብጦ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ኪሎዋት ሁለትና ከዚያም በላይ ኪሎዋት ሙቀት ሊያስገባ ይችላል። ኦስሎ ወይም ሚኒያፖሊስ የሚኖር ወገናችን ያገለገለች ታይካን ቢገዛ ይህ ኦፕሽን መኖሩን ሳያጣራ መፈረም የለበትም፤ በክረምት የሚሄድበትን ርቀት ይወስናልና። አዲስ አበባ ግን የኅዳር ጠዋት ቢበርድም ፀሐይ እስክትወጣ ነው። ለዚያ ብሎ ብዙ ብር መጨመር አያስፈልግም።

ሁለተኛው 22 ኪሎዋት የኤሲ ቻርጀር ነው። ታይካን በመደበኛነት 11 ኪሎዋት ይዛ ትመጣለች፤ 22ቱ ኦፕሽን ነው። «የሚበልጠው ይሻላል» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። 22 ኪሎዋት ለማግኘት ሦስት ፌዝ መስመር በ32 አምፔር ያስፈልጋል። በአንድ ፌዝ 220 ቮልት የሚገባለት ቤት ግን ከ16 አምፔር ሶኬት የሚያገኘው 3.5 ኪሎዋት ነው፤ በ32 አምፔር ራሱን የቻለ መስመር ቢዘረጋም 7 ኪሎዋት። ባዶውን ትልቅ ባትሪ ለመሙላት የመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ሁለተኛው 12 ሰዓት ይወስዳል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። መኪናዋ 22 ብትችል ግድግዳው አይችልም። እዚህ ጋ ገንዘቡን ለመኪናዋ ኦፕሽን ከማውጣት ለቤቱ መስመር፣ ለትክክለኛ ገመድና ለጥሩ ኤሌክትሪሺያን ማውጣት ይበልጣል።

ሦስተኛው ጎማ ነው። ታይካን ከ19 እስከ 21 ኢንች ጎማ ይገጠምላታል። ፎቶ ላይ 21ዱ ያምራል፤ ማስታወቂያውም «ስፖርት ሪም» ብሎ ይኩራራበታል። ፊዚክሱ ግን ወደ ሌላ ያደላል። ትልቁ ሪም ከብዶ ርቀት ይቀንሳል፤ ጎማውም ስስ ስለሆነ ጉድጓድ ሲመታ ትራሱ ትንሽ ነው። በኮብልስቶንና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መካከል ለሚኖር ሰው ትንሹ 19 ኢንችና ከፍ ዝቅ የሚለው ኤር ሰስፔንሽን የተሻሉ ኦፕሽኖች ናቸው። ባትሪው ወለሉ ሥር ተኝቷል እኮ! ከሥር የሚነካን ነገር ሁሉ መፍራት አለብን።

ሦስቱንም አንድ ላይ ስታስቀምጧቸው ነገሩ ያስቃል። በገበያው ዋጋ የሚጨምሩት ትልቅ ሪምና ብዙ ኪሎዋት፣ እዚህ አገር ወይ አይጠቅሙም ወይ ይጎዳሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼው ነው።

ለአፍ ዳገት የለውም

ማስታወቂያው ከሚጽፋቸው ጥቂት ቁጥሮች አንዱ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» የሚለው ነው። ይህ ቁጥር የሚለካው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። መኪናዋ ሮለር ላይ ቆማ ጎማዋ ይሽከረከራል፤ ዳገት የለም፣ ቁልቁለት የለም። የቻይናው መለኪያ ከአውሮፓው ይልቅ ቸር እንደሆነም ዕወቁ፤ ያቺው መኪና በቻይናው ብትለካ ከፍ ያለ ቁጥር ታገኛለች። ለአፍ ዳገት የለውም እንደሚባለው፣ ለላቦራቶሪም የለውም።

ለእኛ ግን አለው። ተሳፋሪ ጨምሮ 2,300 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ስትወጣ የምታከማቸውን የአቀማመጥ ጉልበት አስሉ፦ ክብደት በ9.8 በከፍታ። ወደ 22.5 ሚሊዮን ጁል ይመጣል፤ ለ3.6 ሚሊዮን ስታካፍሉት 6.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ቅድም በገመትነው ፍጆታ ይህ የ28 ኪሎ ሜትር ሜዳ መንገድ ነው። የአባይን በረሃ የሚሻገር ሰው ወርዶ ከዚህ በላይ ይወጣል።

ደስ የሚለው ነገር ቁልቁለቱ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ስትወርድ ሞተሯ ጄኔሬተር ይሆንና የጉልበቱን ትልቅ ክፍል ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ፍሬኑም አይግልም። ታይካን በዚህ መንገድ እስከ 265 ኪሎዋት መቀበል ትችላለች። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። እንጦጦ ላይ 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁል የሚነዳ ሰው ይህን ስጦታ አያገኝም።

ሌላም የከፍታ ስጦታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር የሚተነፍሰው ኦክስጅን ስለሚያንሰው ጉልበቱ አብሮ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ኦክስጅን አነሰ በዛ አይለው። እንዲያውም ስስ አየር የሚገፋት ስለሚያንስ በፍጥነት መንገድ ትንሽ ትቆጥባለች። ማስታወቂያዎቻችን ይህን የመሰለ ለእኛ አገር የተሠራ የሚመስል ጥቅም ትተው ከዜሮ እስከ መቶ በስንት ሰከንድ እንደምትደርስ ይነግሩናል። የቀለበት መንገድ ሠራዊት መኪና መሃል ቆመን በስንት ሰከንድ መቶ እንድንገባ ነው?

ያያችሁት ኦፕሽን ነገ ላይኖር ይችላል

እስካሁን ያወራነው ስለሚነካ ነገር ነው። ከባዱ ሂስ የሚመጣው በሶፍትዌር ላይ ነው።

ቴስላ በ2016 እ.ኤ.አ. ከሸጣቸው ሞዴል ኤስ መኪኖች አንዳንዶቹ 75 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ተገጥሞላቸው በሶፍትዌር ወደ 60 የተቆለፉ ነበሩ። ተጨማሪ የከፈለ ይከፈትለታል። በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ ኩባንያው ሰዎች እንዲያመልጡ ብሎ ቁልፉን ለጊዜው ከርቀት ከፈተላቸው። በጎ ሥራ ነው። ግን ምን አስተማረን? የገዛኸው ባትሪ ከወለልህ ሥር ተቀምጦ መጠኑን የሚወስነው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ የተገላቢጦሹ ተሰማ። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለች ሞዴል ኤስ ከነጋዴ የገዛ ሰው፣ በሽያጩ ጊዜ የተዘረዘሩለት የራስ ነጅ ኦፕሽኖች በኋላ ከርቀት ጠፍተውበት ተገኙ። ነገሩ በመገናኛ ብዙኃን ከወጣና ብዙ ካነጋገረ በኋላ ነው የተመለሱለት። መርሴዲስ በ2022 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ገበያ ባወጣው ማስታወቂያ ኢኪውኢ እና ኢኪውኤስ መኪኖቹ ፈጥነው እንዲነሱ በዓመት 1,200 ዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት አቀረበ። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ የሚከራየው ፍጥነቱ ነው።

ስለዚህ ሻጩ «ሁሉ ነገር አላት» ሲላችሁ ጥያቄው «የማን ነው?» የሚል ይሁን። የመኪናዋ ነው ወይስ የቀድሞው ባለቤት አካውንት? የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው ወይስ ወርኃዊ? እዚህ አገር ይሠራል? ሊብሬው በስማችሁ ተዛወረ ማለት ሶፍትዌሩ ተዛወረ ማለት አይደለም። ይህን ግልጽ አድርጎ የመጻፍ ግዴታ መጀመሪያ የአምራቹ ነው፤ ያገለገለ መኪና ገዢን እንደ ደንበኛ አለመቁጠር በእኔ ግምት የዚህ ኢንዱስትሪ ትልቁ ነውር ነው።

ሁለቱ መቶ በመቶዎች

አሁን ወደ ዋናው። ማስታወቂያው «ባትሪ 100%» ካለ በመጀመሪያ ጠይቁ፦ የትኛው መቶ?

ሁለት መቶዎች አሉ። አንደኛው ባትሪው አሁን ምን ያህል እንደሞላ ይናገራል። ዳሽቦርድ ላይ የምታዩት እሱ ነው። ሁለተኛው ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው አሁን ስንት በመቶ መያዝ እንደሚችል ይናገራል፤ የባትሪው ጤና የሚባለው ይህ ነው። ጀሪካን አስቡ። 20 ሊትር የነበረ ጀሪካን ውስጡ ድንጋይ ቢጨመርበት፣ አፉ ድረስ ስትሞሉት «ሞልቷል» ይባላል፤ ውሃው ግን 14 ሊትር ሊሆን ይችላል። ያረጀ ባትሪም እንዲሁ በየጠዋቱ «100%» እያለ ፈገግ ይላል።

ታዲያ እንዴት ይለካል? ጥሩ ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ ማንበብ ይችላል። እናንተም ግን ግምታዊውን ታገኛላችሁ። መኪናዋ 20 በመቶ ላይ ሳለች ፈጣን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ እስከ 80 በመቶ ሙሉና ቻርጀሩ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሰጠ አንብቡ። ያ የባትሪው 60 በመቶ ነው። 42 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ለ0.6 አካፍሉት፤ 70 ይመጣል። አዲስ ሳለ 83.7 ከነበረ ጤናው ወደ 84 በመቶ ነው። ከቻርጀሩ የወጣው ሁሉ ባትሪ ውስጥ ስለማይገባ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ዝቅ ይላል። ፍጹም አይደለም፤ ግን ከ«ምንም ወጪ የሌላት» በብዙ ይሻላል።

የመጣችበትን አገርም ጠይቁ። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ያስረጃል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ላይ ስትቆም የኖረችና በቀዝቃዛ አገር ጋራዥ ውስጥ ያደረች መኪና፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ አንድ አይደሉም። ዋስትናውም አለ፤ ፖርሽ ለታይካን ባትሪ የሰጠው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጤናው ከ70 በመቶ በታች እንዳይወርድ ነው። ግን ዋስትና ወረቀት ነው፤ የሚያስፈጽመው ወኪል በምትኖሩበት አገር ከሌለ ጥቅሙን ቀድማችሁ አጣሩ።

የመጨረሻው የማይታይ ኦፕሽን ሶኬቱ ነው። ከቻይና የመጣች መኪና ጂቢ/ቲ የሚባለውን፣ ከአውሮፓ የመጣች ሲሲኤስ 2 የሚባለውን፣ አሜሪካ የተሸጠች ቴስላ የራሷን ትይዛለች። ቅርጻቸው ብቻ ሳይሆን መኪናና ቻርጀር የሚነጋገሩበት ቋንቋም ይለያያል። ስለዚህ ፎቶ ስትጠይቁ የወንበሩን ሳይሆን የቻርጅ መክፈቻውን ተከፍቶ አንሱልን በሉ። ከዚያ እናንተ በምትመላለሱበት መንገድ ያሉት ቻርጀሮች የትኛው እንዳላቸው እዩ። ይህ ካልገጠመ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ

ደላላውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ማስታወቂያ የገዢ መስታወት ነው። «ጣሪያዋ ይከፈታል?» ብለን ስንደውል ስለ ጣሪያ ይጽፋል። «ባትሪዋ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ነው? ጤናውስ?» ብለን መደወል ብንጀምር በወር ውስጥ ሁሉም ይጽፈዋል። አጭር መሆኑም ነውር አይደለም፤ ዋጋና ስልክ በግልጽ ማስቀመጡ የሚመሰገን ነው። አምራቾችም መሻሻል አሳይተዋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በታደሰችው ታይካን ላይ ሂት ፓምፕ ኦፕሽን መሆኑ ቀርቶ መደበኛ ሆኗል። ሊደረግ የሚቻል እንደነበር ይህ ራሱ ይመሰክራል።

እስቲ በስድስት መስመር ሌላ ማስታወቂያ ልጻፍ፤ ዋጋዋንና ስልኩን እናንተ ጨምሩበት።

ፖርሽ ታይካን 4ኤስ፣ የ2020 ምርት።
ትልቁ ባትሪ፣ 83.7 ኪሎዋት ሰዓት፤ ጤናው ተለክቶ 84 በመቶ፣ የተለካበት ቀን ተያይዟል።
ሶኬት ሲሲኤስ 2፤ በ400 ቮልት ቻርጀር 150 ኪሎዋት ትቀበላለች።
ጎማ 19 ኢንች፤ ኤር ሰስፔንሽን አላት፤ ሂት ፓምፕ የላትም።
የሶፍትዌር አገልግሎቶች፦ የትኞቹ የመኪናዋ፣ የትኞቹ ኪራይ እንደሆኑ ተለይተው ተጽፈዋል።
በሻንሲ ቁጥሯ የወጣው የፋብሪካ ዝርዝር ለገዢ ይታያል።

ርዝመቱ ከተለመደው አይበልጥም። «ፉል ኦፕሽን» የሚል ቃል የለበትም፤ እንዲያውም የጎደላትን ሳትጠየቅ ተናግራለች። እኔ ግን ገንዘብ ይዤ ብወጣ የምደውለው ለዚህኛው ነው። ቤታችሁ ውስጥ ስለ መኪና ወሬ ሲነሳ እነዚህን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጻፉና ለትልልቆቹ ስጧቸው። «ይኼ ልጅ ደግሞ ምን ያውቃል» ቢሏችሁ አትከፉ፤ ሻጩ መልስ ሲያጣ ተመልሰው ይጠይቋችኋል።